ጥቁር አዝሙድ ከገንዳው ሥር

«ዓሣ ማኖር ያቃታት እናታችንን ታኖራለች?»

ጀናን ይህን ያለችው ለዋርዳ አልነበረም። ለወንድማቸው ለዒምራን ነበር፤ ያውም በስልክ። ዒምራን ግን ጥርሱን ሊቦርሽ ሲወጣ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍቶ የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ አኑሮት ስለነበር፣ የታላቅ እህታቸው ድምፅ ግቢውን አቋርጦ፣ በሳሎኑ መስኮት ገብቶ፣ ዋርዳን ስፌት መኪናዋ ላይ እንደተጎነበሰች አገኛት። ዒምራን አፉ በአረፋ እንደተሞላ «እ» አለ። የዒምራን «እ» እሺም እምቢም አይደለችም፤ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃታል፤ ሰውየው ዕድሜውን የገፋው በዚህችው «እ» ነው። ጀናንም መልስ የምትጠብቅ አልነበረችምና ቀጠለች። እናታቸው ከስታ ከስታ አጥንቷ ቀርቷል፤ ዓሣው እንኳ ተመልካች አጥቶ ሊሞት ነው። ዛሬ ከመግሪብ በኋላ ትመጣለች፤ ሦስቱም ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ፤ ከተነጋገሩ በኋላ እናታቸው አያት ሰፈር ወዳለው ኮንዶሚኒየም ሄዳ ከጀናን ጋር ትኖራለች፤ የቀበናው ቤትም ይከራያል። ውሳኔው ከንግግሩ በፊት ማለቁ ጀናንን ቅር ያላት አይመስልም።

ዋርዳ እግሯን ከመኪናው መርገጫ አነሳች። ልብሱ መርፌው ላይ ተወግቶ ቀረ። ደሟ ፈላ፤ ወጥታ ስልኩን ነጥቃ የልቧን ብትናገር ደስ ባላት፤ ግን ከጀናን ጋር በስልክ ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ገና አልተወለደም። ተነሥታ ወደ ጓዳው ክፍል ሄደች። እናቷ ወይዘሮ ዘሙሩድ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ከስትሮኩ ወዲህ ቀኝ ጎኗ አይታዘዝላትም፤ ምላሷም ታስሮ አንድ ቃል ለማውጣት ብዙ ትታገላለች። በመስኮቱ በኩል፣ እጇ በሚደርስበት ትንሽ ጠረጴዛ ላይ፣ ክቡ የመስታወት ገንዳ አለ። በገንዳው ውስጥ ያ ብርቱካናማ ዓሣ አለ፤ አለ ከተባለ። ሆዱ ተነፍቶ ጠጠሩ ላይ ተቀምጧል፤ የፕላስቲኩን ሣር ተደግፎ አፉን በጭንቅ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ዋርዳ በጣቷ መስታወቱን ብታንኳኳ ጅራቱ እንኳ አልተነቃነቀም።

ዓሣውን ያመጣው ዒምራን ነበር፤ እናታቸው ከሆስፒታል በወጣች ሳምንት። የሚንቀሳቀስ ነገር ማየት ለስትሮክ በሽተኛ ጥሩ ነው ሲባል በሬዲዮ ሰምቶ፣ ገንዳውን ከነዓሣው፣ ከነቀይና ሰማያዊ ጠጠሩ ይዞ ከች አለ። ይህ ሰው ለእናቱ ያደረገው ትልቁ ነገር እሱ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ጥሩ ነገር ነበር። እናታቸው ዓሣውን ስታይ ትውላለች። የቤተሰቡ ችግር የጀመረው ዓሣው መዋኘት ሲያቆም ነው። ባለፈው እሑድ ጀናን መጥታ መጀመሪያ ዓሣውን፣ ቀጥሎ እናቷን፣ ከዚያ እንደገና ዓሣውን አየች። ምንም አላለችም። የጀናን ዝምታ ከንግግሯ የባሰ ነው፤ ንግግሯ ላይ ቢያንስ የሚጨበጥ ነገር አለ።

ዋርዳን የሚያንገበግባት ልፋቷ ነው። ገላዋን የምታጥባት፣ የደረቀ እጇን የምታሽላት፣ ሌሊት ተነሥታ የምታገላብጣት እሷ ናት። ሐኪሙ ጨው ክልክል ነው ስላለ፣ የእናቷን ዳቦ ለብቻው አቡክታ ትጋግራለች፤ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት ነው እየተባለ ያደገችበትን ጥቁር አዝሙድ ሳትሰስት ትጨምርበታለች። ዱባና ካሮት ቀቅላ ትፈጫለች። ሰማያዊ አበባ ያለበት ትንሽ ሳህን ለዚሁ ብላ ገዝታለች። ምግቡን እናቷ ጭን ላይ አስቀምጣ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች፤ ስትመጣ ሳህኑ ባዶ ነው። ሁልጊዜ ባዶ ነው። ይህንን ለጀናን ስንቴ ነግራታለች። አንድ ቀን ጀናን በስልክ፣ «ሳህኑ ባዶ ከሆነ እናቴ ለምን ትከሳለች? ምግቡ የት ይሄዳል?» ብላ ጠየቀቻት። ምግቡ የት ይሄዳል! ዋርዳ ያን ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ይዛው ነው የከረመችው። የእናቴን ጨው አልባ ዳቦ ሰርቄ እበላለሁ ማለቷ ነው?

ሌላም ነገር አለ፤ ዋርዳ ለራሷ እንኳ ቶሎ የማትለው። ቤቱ ከተከራየ እሷ የት ትገባለች? ባሏን ፈትታ ከመጣች ወዲህ ይህ ሳሎንና ይህ የስፌት መኪና ናቸው ኑሮዋ። ጀናን እሱንም አስባበታለች፤ «አንቺም እንግዲህ ራስሽን ትችያለሽ» ብላለች፣ እንደ መልካም ምኞት። እናቷን ስለምትወድ ነው እንዳትሄድ የምትፈልገው ወይስ መጠጊያ ስለምታጣ? ሁለቱም ነው። ሁለቱም መሆኑ ያበሳጫታል፤ ጀናን አንዱን ብቻ እንደምታይ ታውቃለችና።

ስለዚህ ይህ ዓሣ እስከ መግሪብ ድረስ መዋኘት አለበት አለች። ገንዳውን አንስታ ወደ ግቢው ወጣች። ዓሣውን በጣሳ አውጥታ ውኃውን ደፋችው። ከጠጠሩ ሥር ነጭ አተላ የመሰለ ነገርና ጥቋቁር አሸዋ አብሮ ወጣ፤ የዓሣ ኩስ ነው ብላ አፍንጫዋን ይዛ አጠበችው። ከቀናት በኋላ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ የመጣው የቧንቧ ውኃ አለ፤ ሞላችበት። ውኃው ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል። ዓሣውን ስትመልሰው አንዴ ተፈራገጠና ደስ አላት። ከዚያ በጎኑ ጋደል ብሎ ሰጠመ። ዒምራን ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ መጣና ከላይ አየው። ብርድ ነው አለ፤ በክረምት እኔም እንደሱ ነኝ አለ። ስለ ራሱ እንኳ እውነቱን ነው። ዓሣውን ለማሳከም ሾላ ድረስ በመኪናው እንዲያደርሳት ለመነችው። ላምበረት መናኸሪያ የሚጠብቀው ደንበኛ አለው፤ ይዘገይበታል። ዋርዳ መኪናው ከግቢው ሲወጣ እያየች፣ ሰው ሁሉ የእናቷ ልጅ ነው፣ የእናቷ ሥራ ግን የእሷ ብቻ ነው ስትል አሰበች።

ጎረቤታቸው እትዬ ለተጊዮርጊስ በአጥሩ ቀዳዳ ይህን ሁሉ ሲያዩ ነበርና ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጡ። ፍልሰታ ነው፤ በየቀኑ እንጦጦ ወጥተው ማስቀደስ የጀመሩት ዛሬ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ቀርተዋል። ጎንበስ ብለው ዓሣውን አዩ። «የኛ ቢሆን ጠበል እረጨው ነበር» አሉ፣ የዓሣውን ሃይማኖት አክብረው። ከዚያ ከበርሜላቸው የዝናብ ውኃ በጆግ አመጡ፤ የቧንቧው ውኃ ለሰውም አይሆን አሉ። ዋርዳ የኦቾሎኒ ቅቤ የነበረበት ትልቅ የፕላስቲክ ብልቃጥ አገኘች፤ የዝናቡን ውኃ ሞልታ ዓሣውን ከነተደገፈው የፕላስቲክ ሣር ገለበጠችው። ምሳ ሰዓት ከደረሰ ለእናቷ ሳህኑን እንዲሰጡላት እትዬን አደራ ብላ፣ ብልቃጡን በጥቁር ፌስታል አንጠልጥላ ወጣች። ከእንጦጦ የወረደው ጎርፍ የቀበናን ወንዝ ሞልቶት ድልድዩ ላይ ሰው ቆሞ ያያል። ዋርዳ ወንዝ የምታይበት ጊዜ አልነበራትም።

ሾላ የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጥበት ቤት አለ፤ ከእህል ተራው ዝቅ ብሎ፣ የጭድና የአይጥ መርዝ ሽታ የተቀላቀለበት ጠባብ ሱቅ። ሰውየው ነጭ ጋዋን ለብሷል። ዋርዳ ፌስታሉን ገልጣ ብልቃጡን ባንኮኒው ላይ ስታስቀምጥ፣ ወረፋ ይጠብቁ የነበሩ ሁለት በግ አርቢዎች ወሬያቸውን አቋረጡ። ስንት ኪሎ ይሆናል ብሎ ጠየቃት ሰውየው። የምሩን ነበር። መድኃኒት የሚሰጠው በኪሎ ነው፤ በግ ከሆነ ይህን ያህል፣ ዶሮ ከሆነ ይህን ያህል። ኪሎ የለውም አለችው። ኪሎ የሌለው ነገር እንዴት ይታከማል ሲል እሱም ተናደደ። በመጨረሻ ለዶሮ የሚሆን ቢጫ ዱቄት አወጣና፣ በአሥር ሊትር ውኃ በጥብጠሽ አጠጪው አላት። ዓሣ ውኃ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ምን ብዬ ነው የማጠጣው አለችው። ከበግ አርቢዎቹ አንዱ፣ ሽማግሌው፣ ሳይስቅ፣ ጠብሰሽ ብትገላገይ ይሻላል አላት። ሌላኛው ሳቀ። ዋርዳ ብልቃጧን አንስታ ወጣች።

ሚኒባስ መያዝ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። የሾላ ፌርማታ ላይ ሰዉ ሽንኩርቱን፣ በርበሬውን፣ ጆንያውን ይዞ ይጋፋል፤ ዋርዳ ደግሞ ብልቃጡን እንደ ጨቅላ በደረቷ ይዛ ነው። ስትሳፈር ረዳቱ፣ ከፍተሽ ያዥው እንጂ አየር ያጥረዋል አላት፤ የዛሬው የመጀመሪያው ጠቃሚ ምክር ይህ ነበር። ክዳኑን ከፈተችው። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ውኃው ቀሚሷ ላይ ይፈሳል። አጠገቧ የተቀመጠች ሴትዮ ራቅ ራቅ አለች። ዋርዳ አላፈረችም፤ ማፈር አቅም ይጠይቃል። ዓሣውን ቁልቁል አየችው። ዓይኑ አይከደንም፤ ሕይወት ይኑረው አይኑረው አይለይም። አንተ ብትሞት፣ አለችው በልቧ፣ እኔ ነኝ የምከሰሰው።

ዒምራን ዓሣውን የገዛበት ቤት መገናኛ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ባለሱቁ ኤልቃና ይባላል፤ ጆሮው ላይ የሰካውን ነገር ሳያወጣ የሚያናግር፣ ፀጉሩን የተቀባ ጎልማሳ። ግድግዳው ሁሉ መብራት ያለው ገንዳ ነው፤ ዓሣ በየዓይነቱ ይርመሰመሳል፤ ጤና ያለው ዓሣ ምን እንደሚመስል ዋርዳ ረስታው ነበር። ኤልቃና ብልቃጡን ወደ መብራቱ አነሳና ከንፈሩን መጠጠ። ይሄ አይተርፍም አላት። አትልፊ ሲስተር፤ ልክ ይሄንን የሚመስል አለኝ፤ መጠኑም ከለሩም ያው ነው፣ ባለቤቱ ራሱ አይለየውም። እየተናገረ መረቡን ገንዳው ውስጥ ከትቶ አንዱን አወጣ። እውነቱን ነው። መንታ ነው የሚመስለው፤ ያውም ይዘላል።

ዋርዳ ይህን አስባው አታውቅም ነበር። አሁን ግን ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታያት። ጀናን ማምሻውን ትገባለች፣ ወደ ገንዳው ታያለች፣ ዓሣው እሽክርክሪት ይሠራል። ጀናን አፏን ከፍታ ትቀራለች። ይኸው፣ ትላታለች ዋርዳ፣ ይኸው ዓሣው። እናቷስ? እናቷ ብታውቅ እንኳ ምላሷ አይናገርም። ይህን ባሰበች ጊዜ ትንሽ ደነገጠች፤ ግን ቦርሳዋን ከፈተች። ዋጋውን ስትሰማም አልተከራከረችም፤ በሕይወቷ ሳትከራከር የገዛችው የመጀመሪያው ዕቃ ሳይሆን አይቀርም። ኤልቃና አዲሱን በላስቲክ ሊያስርላት ውኃ ሞላ፤ አሮጌውን ምን ላድርገው ብሎ ጠየቃትና መልስ ሳይጠብቅ የፕላስቲኩን ሣር ከብልቃጡ መዘዘ፤ ለአዲሱ አጥቤ ልስጥሽ ብሎ። ሣሩን ነጭ ሳህን ላይ ሲያራግፈው፣ ከሥሩ የረጠበና የሸተተ ነጭ ነገር ወደቀ።

«ዓሣውን ምንድን ነው የምታበይው?» አለ።

ከዚሁ የተገዛውን ፍሬ፣ ጠዋት ጠዋት ቁንጥር አድርጌ አለችው። ኤልቃና ሳቀ። ይሄ ሆድ የቁንጥር ሆድ አይደለም፤ ኦቨርፊድ ሆኗል፤ ሰውዬው ሲበላ ነው የከረመው አላት። በጣቱ ነጩን ነገር በተን በተን አደረገው። ዳቦ ነው አለ። በውስጡ ጥቋቁር ነገሮች ነበሩ። ዋርዳ አሸዋ ነው አለችው፤ ጠዋት ጠጠሩን ስታጥብም አይታዋለች። እኛ የምንሸጠው ጠጠር ቀይና ሰማያዊ ነው፣ ጥቁር አሸዋ ከየት ይመጣል አለና አንዷን አንስቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ዋርዳ በጥፍሯ ጨፈለቀቻት። ወደ አፍንጫዋ አቀረበቻት። ሽታው ውኃና ግማት እንኳ ያላጠፋው ሽታ ነበር።

ጥቁር አዝሙድ በዚህ ዓለም ላይ ዳቦ ውስጥ የሚገባው በብዙ ቤት ይሆናል፤ በእነሱ ቤት ግን በአንድ ዳቦ ውስጥ ብቻ ነው የሚገባው።

አዲሱን ዓሣ እንዲመልሰው ነገረችው። ኤልቃና ላስቲኩን አስሮ ጨርሶ ነበርና ፊቱ ጠቆረ። ገንዘቡን ሲመልስላት ምክሩን እንደ ስድብ ወረወረላት። ለጥቂት ቀን ምንም እንዳይቀምስ፣ ምንም! ከዚያ የተቀቀለ አተር ልጣጩ ተነሥቶ ጥቂት ይሰጠዋል። የቧንቧ ውኃ ካደረ በኋላ ነው የሚገባበት፤ ሁሉንም በአንዴ መቀየር የለም። ከሞተ እኔን እንዳትይ አላትና ጆሮው ላይ ለተሰካው ሰው መናገር ጀመረ።

በመልሱ ጉዞ ዋርዳ መስኮት ጥግ ተቀመጠች። መጀመሪያ የመጣባት ንዴት በእናቷ ላይ ነበር። ሱብሒ ሳይሰገድ ተነሥቼ ያቦካሁትን! በዓይኔ እንቅልፍ እየዞረ የጋገርኩትን! ከዚያ በራሷ ላይ ሆነ። ሳህኑን ባዶ ባየች ቁጥር አልሐምዱሊላህ ስትል፣ ለጀናን በኩራት ስትናገር፣ አንድም ቀን እናቷ ስታላምጥ ቆማ አላየቻትም። መርገጫውን ትረግጥ ነበር። ከዚያ የባሰው መጣ። የጀናን ጥያቄ፣ ያ ጉሮሮዋ ላይ የከረመው፣ መልስ አለው። ምግቡ የት ይሄዳል? መልሱን በኦቾሎኒ ቅቤ ብልቃጥ ይዛው እየሄደች ነው። ይህን ለጀናን ብትነግራት እናቷን በገዛ አፏ አሳልፋ ሰጠች ማለት ነው። ባትነግራት ደግሞ እናቷ እንደከሳች ትቀራለች።

ቤት ስትደርስ እትዬ ለተጊዮርጊስ በረንዳው ላይ ናቸው። ምሳውን በሰዓቱ አቅርቤያለሁ፣ ግን አንድም አልቀመሰችም አሉ። አጠገቧ ያልተቀመጡት በጾም አፋቸው ስለሆነ ነው፤ «ፊቷ ከተቀመጥኩ በዓይኗ ብይ ብይ ትለኛለች፤ እምቢ ስላት ደግሞ ታዝናለች፤ ታውቂያት የለ» አሉ። ዋርዳ አመስግና ገባች። የጓዳው በር ገርበብ ብሏል። እናቷ ሳህኑን ጭኗ ላይ እንደያዘች ነው። ዳቦውን ቆርሳ ደህናውን እጇን ወደ ባዶው ጠረጴዛ፣ ገንዳው ወደነበረበት ቦታ ዘርግታለች። እጇ እዚያው አየር ላይ ቆየ። ቀስ ብላ መለሰችውና ቁራሹን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። ወደ አፏ አልወሰደችውም።

«እማዬ፣ ለምንድን ነው የማትበይው?» አለች ዋርዳ።

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። ከንፈሯ ታገለ፤ የአንገቷ ሥር ተገተረ። ቃሉ እየተቆራረጠ ወጣ።

«ብ... ቻ... ዬን?»

ዋርዳ እዚያው ላይ ተንበርክካ እጇን ብትይዝ ጥሩ ነበር። አላደረገችውም። ቀኑን ሙሉ ተጠራቅሞ የነበረው ንዴት በዚህች በአንዲት ቃል በር ወጣ። ብቻሽን ምን ሆነሽ አለቻት፤ ሕፃን ነሽ ወይ አለቻት፤ እኔ እዚህ የምሞተው ለማን ነው፣ ለዓሣ ነው ወይ አለቻት። እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዋርዳ ገንዳውን በዝናብ ውኃ ሞልታ፣ ዓሣውን መልሳ፣ የእናቷ እጅ ከማይደርስበት ራቅ አድርጋ ኮመዲኖው ላይ አስቀመጠችውና ወደ ስፌቷ ሄደች። ክሩ ተበጠሰ። ቀጠለችው፤ ደግሞ ተበጠሰ።

መኪናው ዝም ሲል አባቷ ሐጂ ሙዘይን ትዝ አላት። ሾላ እህል ይነግድ የነበረው ሐጂ ሙዘይን በቤቱ ውስጥ ለብቻው ሳህን የያዘ ሰው ማየት አይወድም ነበር። ምግብ የሚቀርበው በዚያ በትልቁ ትሪ ነው፤ የመጣ ይቀመጣል፤ ተሸካሚም ቢሆን፣ እንግዳም ቢሆን። እናቷ ከሁሉ መጨረሻ ትቀመጥና የመጀመሪያውን ጉርሻ ለአንድ ሰው ሳትሰጥ እህል አፏ አይገባም ነበር። ልጆቹ በተራ ነበር የሚጎርሱት፤ ዛሬ የማን ተራ ነው ብለው የሚጣሉት። ያቺን ሴት ነው ዋርዳ ጤናማ የሆነ ምግብ ባለ ሰማያዊ አበባ ሳህን ላይ አድርጋ፣ በር ዘግታ፣ ለብቻዋ ያስቀመጠቻት። አጠገቧ የነበረ ነፍስ ያ ዓሣ ብቻ ነው። ታዲያ ማንን ታጉርስ? ዋርዳ የምትሰፋውን ጨርቅ ወደ ዓይኗ አነሳች፤ አለቀሰች፤ ማልቀሷም አናደዳት።

ጀናን ከመግሪብ በኋላ መጣች፤ ዒምራንም ተከትሏት። እናታቸው ክፍል ውስጥ ተቀመጡ፤ ጀናን ወንበር ላይ፣ ዒምራን በሩ ላይ ተደግፎ። ዒምራን ስልኩን ያያል። ጀናን የእናቷን አንባር ያዘችና ወደ ላይ ገፋችው፤ አንባሩ ያለ ምንም ከልካይ እስከ ክንዷ ወጣ። ከዚያ ኮመዲኖው ላይ ወዳለው ገንዳ ዞረች። ዓሣው አሁን አልጋደመም፤ ግን አልዋኘምም፤ በውኃው መሃል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይኸው ነው አለች ጀናን፤ ሌላ ምን ምስክር ያስፈልጋል።

ዋርዳ ነገረቻቸው። ዳቦውን፣ አዝሙዱን፣ የዓሣውን ሆድና ባለሱቁ ያዘዘለትን ጾም፣ ባዶውን ሳህን ሁሉ። ተናግራ ስትጨርስ የገዛ ፍርዷን ያነበበች መሰላት። ጀናን አዳመጠች። እንደተፈራውም ሆነ። ይህን ሁሉ ጊዜ እናቴ ጦሟን ስታድር አንቺ አላየሽም ማለት ነው? አለቻት። ዋርዳ አላየሁም አለች። ዒምራን «እ» አለ። ሁለቱም እህትማማቾች በአንድነት ገላመጡት፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

የራት ሰዓት ደርሷል። ዋርዳ ወደ ማድ ቤት ሄዳ ባለ ሰማያዊ አበባውን ሳህን ይዛ ተመለሰች፤ ዳቦና የዱባ ወጥ። እንደ ሌላው ቀን ጭኗ ላይ አስቀምጣላት ልትሄድ እግሯ ለምዶባት ነበር። ቆመች። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ሳህኑን በመሃላቸው አደረገች፤ ቢስሚላህ አለችና ምንም ሳትነካ ጠበቀች። እናቷ ከግድግዳው ዞረች። ሳህኑን አየች፤ ልጇን አየች። ደህናው እጇ ዳቦ ቆረሰ፣ ወጡን ጠቀሰ፣ ወደ ልጇ ተነሣ። ዋርዳ አፏን ከፈተች።

ጣዕም የሚባል ነገር አልነበረውም። አፏ ውስጥ እንደ እርጥብ ወረቀት ዞረ። ከአዝሙዱ ምሬት በቀር ምንም የለውም። ይህን ዳቦ ስትጋግር፣ ይህን ወጥ ስትሠራ ከርማለች፤ እራሷ ማድ ቤት ቆማ የምትበላው ሌላ ነው፣ ጨውም በርበሬም ያለው። አንድም ቀን ቀምሳው አታውቅም ነበር።

«ጀናን፣ ነይ ቅመሺ» አለች።

ጀናን ልትከራከር ነበር፤ ግን የእናቷ እጅ ቀድሞ ተዘርግቶላት ነበር። ከወንበሩ ወርዳ ጎረሰች። አላመጠች፣ አላመጠች፤ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ተለዋወጠ፤ ዋጠች። ስለ አያት ምንም አላለችም፤ ስለ ቤቱ ኪራይም ምንም አላለችም። የአባባ ትሪ የት ነው ብላ ጠየቀች። ቁምሳጥኑ ላይ ነው አለች ዋርዳ። ዒምራን ሳይለመን ሄዶ አወረደው፤ አቧራውን በእጅጌው ጠረገው፤ ዋርዳ ተቆጥታ አጠበችው። የቀረውን ዳቦና የቀረውን ወጥ ሁሉ ገለበጡበትና አልጋው ላይ መሃላቸው አስቀመጡት። ጨው አላመጡም። ዒምራን ተራውን ጎርሶ ዓይኑን ጨፈነ፤ ግን ዋጠው።

ሦስቱንም ካጎረሰች በኋላ እናታቸው አንድ ቁራሽ ደግማ ቆረሰች። ዓይኗ ወደ ኮመዲኖው ሄደ፤ እጇም ተከተለ፤ ገንዳው ግን ሩቅ ነው። አቀብሉኝ በሚል ዓይን ጀናንን አየቻት።

«እማዬ፣ እሱ ጾመኛ ነው» አለች ጀናን።

እናቷ ዓሣውን አየችው። ከዚያ ቁራሹን መልሳ ወደ ራሷ አፍ ወሰደችው፤ ልጆቿም ማላመጣቸውን ትተው እስክትውጥ ድረስ አዩዋት።